አንዲት ክፍት ቦታ ዲስክ ስታጠፋ፦ የጥቅስ ምልክትና የቀለም ታሪክ በኮምፒውተር ሼል

በ2001 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አፕል አይቱንስ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ሁለተኛ እትም ለቀቀ። ሰዎች አውርደው ጫኑት። አንዳንዶቹ ግን ሙዚቃ ሊያዳምጡ ሲቀመጡ ከዲስካቸው አንዱን ክፍል ባዶውን አገኙት። ፎቶ የለ፣ ሰነድ የለ፣ የዓመታት ሥራ የለ። ቫይረስ አልነበረም፤ ሰርጎ ገብም አልነበረም። ጥፋቱን ያደረሰው ፕሮግራሙን የሚጭነው ስክሪፕት ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው። ለመስመሩ የጎደለው ደግሞ ሁለት ምልክት ብቻ ነበር፦ አንድ " ከፊት፣ አንድ " ከኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪፕቱ አዲሱን እትም ከመጫኑ በፊት አሮጌውን ማጥፋት ነበረበት። አሮጌው የት እንዳለ የሚነገረው $2 በሚባል ቦታ ያዥ ነው፤ «ሁለተኛ የተሰጠኝ ነገር» እንደማለት ነው። አሁን ኮምፒውተራችሁ ላይ ሁለት የዲስክ ክፍሎች አሉ እንበል፤ አንዱ «ዲስክ»፣ ሌላው «ዲስክ 1» ይባላል። $2 በሁለተኛው ስም ሲተካ ትዕዛዙ ይህን ይመስላል (ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፤ አርኤም ማለት «አጥፋ» ነው)፦

አርኤም /ቮሊዩምስ/ዲስክ 1/አፕሊኬሽንስ/አይቱንስ

እኛ ስናነበው አንድ አድራሻ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በ«ዲስክ» እና በ«1» መካከል ያለችውን ክፍት ቦታ አየና ሁለት አድራሻ አደረገው። ሁለተኛው የሌለ አድራሻ ስለሆነ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያው ግን አለ፤ እሱም «ዲስክ» የተባለው ክፍል በሙሉ ነው። ትዕዛዙ ደግሞ «ሳትጠይቅ፣ በውስጡ ካለው ሁሉ ጋር አጥፋ» የሚል ነበር። አጠፋዋ! አፕል በቀናት ውስጥ የተስተካከለ እትም አወጣ። ማስተካከያው $2 የነበረውን "$2" ማድረግ ነበር።

ታዲያ ኮምፒውተርን የሚያህል ነገር ክፍት ቦታ ያለበትን ስም እንደ አንድ ስም መያዝ ለምን ያቅተዋል? መልሱን ለማግኘት 60 ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ አለብን። በመንገዳችን ላይ ሌላ ነገር እናገኛለን፤ ተርሚናል ላይ የምታዩአቸውን ቀይና አረንጓዴ ጽሑፎች። ጥቅስና ቀለም የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ የአንድ ችግር ሁለት ልጆች ናቸው።

በአንድ ሽቦ ሁለት ነገር

መጀመሪያ ሼል ምንድን ነው? ሊነክስ ወይም ማክ ላይ ተርሚናሉን ስትከፍቱ የምታገኙት ጥቁር መስኮት ውስጥ ሆኖ የምትጽፉትን እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው። ስክሪፕት የሚባለው ደግሞ እንዲህ ያሉ ትዕዛዞች በፋይል ተደርድረው ሲቀመጡ ነው።

ሼል የሚያየው የቁምፊዎች ሰልፍ ብቻ ነው። ቁምፊ ስል ፊደሉንም፣ ቁጥሩንም፣ ምልክቱንም፣ ክፍት ቦታውንም ማለቴ ነው። ከዚህ ሰልፍ ውስጥ አንዳንዱ ትዕዛዝ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ስም ወይም ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የሚመጡት በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የሚለየው ምልክት ካለ ብቻ ነው።

ይህ ችግር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ጓደኛዬ እናቴ መጣች አለ» ብላችሁ ብትጽፉ የመጣችው የማን እናት ናት? የጓደኛዬ ልትሆን ትችላለች፤ ቃሉን እንዳለ ነው የጠቀስኩት። የእኔም ልትሆን ትችላለች። ስናወራ ድምፃችን ይለየዋል። ስንጽፍ ግን «» ካልጨመርን አንባቢው መገመት አለበት። ሼል ደግሞ አይገምትም፤ ሕጉን ብቻ ይከተላል።

መሐንዲሶች ይህን ችግር ከኮምፒውተር ውጭም ያውቁታል። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የረጅም ርቀት ስልክ መስመር የሰዎችን ድምፅና የማዞሪያውን ትዕዛዝ በአንድ ሽቦ ነበር የሚያስኬደው። «መስመሩ ነፃ ነው» የሚለው ትዕዛዝ 2600 ኸርዝ የሆነ ፉጨት ነበር። ልክ በዚህ ድምፅ የሚያፏጭ ሰው ማዞሪያውን ያታልለዋል፤ በነፃ የደወሉም ነበሩ። የስልክ ኩባንያዎቹ በመጨረሻ ትዕዛዙን በሌላ መስመር ለይተው ላኩት። ሼል ግን ሁለተኛ መስመር አላገኘም። ያገኘው የጥቅስ ምልክት ነው።

ከፑዛን እስከ ቶምሰን

በ1963 ገደማ ሉዊ ፑዛን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ኤምአይቲ ውስጥ ሲቲኤስኤስ በተባለው ሥርዓት ላይ ይሠራ ነበር። በየቀኑ ያንኑ የትዕዛዝ ድርድር ደጋግሞ መጻፍ ስለሰለቸው ትዕዛዞችን ከፋይል አንብቦ በተራ የሚያስፈጽም ራንኮም የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ራንኮም ቦታ ያዥዎችንም በተሰጡት ቃላት ይተካ ነበር። ሊነክስ ላይ በአርሲ የሚያልቁ የማስተካከያ ፋይሎችን አይታችሁ ከሆነ፣ ያቺ አርሲ ከራንኮም የተረፈች ናት። «ሼል» የሚለውንም ስም ያወጣው ፑዛን ነው፤ ቀጥሎ ለመጣው ማልቲክስ ለተባለው ሥርዓት። የማልቲክስን የመጀመሪያ ሼል በ1965 የጻፈችው ደግሞ የኤምአይቲዋ ግሌንዳ ሽሮደር ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገና ከጥንቱ የስክሪፕት ሥራ «ቦታ ያዡን አውጥተህ በምትኩ ጽሑፍ አስገባ» ነበር። የገባው ጽሑፍ ከየት መጣ፣ ስም ነው ወይስ ትዕዛዝ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ ኬን ቶምሰን የዩኒክስን የመጀመሪያ ሼል ጻፈ። በዚያን ጊዜ «ስክሪን» ይቅርና፣ የሚጻፈው ቴሌታይፕ በሚባል ማሽን ነበር። ሞዴል 33 የተባለው ቴሌታይፕ በሰከንድ 10 ቁምፊ ብቻ በወረቀት ጥቅል ላይ ያትማል፤ የእንግሊዝኛን ትልልቅ ፊደሎች እንጂ ትንንሾቹን አያውቅም። አርኤም፣ ኤልኤስ፣ ሲፒ የመሳሰሉት ትዕዛዞች ሁለት ሁለት ፊደል ሆነው የቀሩት ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ቃላትን በክፍት ቦታ መለየት በጣም ምቹ ነው። የፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ የሚያስገባስ ማን ነበር? አንዲት ፊደል መምታት እንኳ ጣት የምታደክምበት ዘመን ነው።

አልፎ አልፎ ግን ያስፈልጋል። ለዚህም ቶምሰን የጥቅስ ምልክቶችንና ባክስላሽን ( \ ) አስቀመጠ። ባክስላሽ «ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ቁምፊ እንዳለ ውሰደው» ማለት ነው።

ስምንተኛዋ ቢት

ሼሉ የተጠቀሰውን ቁምፊ ካልተጠቀሰው የሚለይበት ዘዴ የሚያስገርም ነው። አስኪ የተባለው የፊደል ኮድ 128 ቁምፊዎች ስላሉት 7 ቢት ይበቃዋል። ባይት ግን 8 ቢት ነው። አንዷ ቢት ሥራ ፈት ናት ማለት ነው። በ1975 በወጣው የዩኒክስ ስድስተኛ እትም ሼሉ ይህችን ስምንተኛ ቢት እንደ ምስጢራዊ ምልክት ይጠቀምባት ነበር፦ ቁምፊው ከጥቅስ ውስጥ ከመጣ ቢቷን ያበራታል፤ ሥራውን ሲጨርስ ያጠፋታል። ቆጣቢና ብልህ ዘዴ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ ፊደል እስካልመጣ ድረስ!

የኛን ፊደል እንመልከት። ዛሬ ዩቲኤፍ-8 በተባለው ኮድ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው። በእነዚህ ባይቶች ሁሉ ስምንተኛዋ ቢት የበራች ናት። «ሰላም»ን ለዚያ አሮጌ ሼል ብትሰጡት «ዘጠኙም ተጠቅሰዋል» ብሎ ያምንና ሲጨርስ ቢቶቹን ያጠፋቸዋል። ያኔ «ሰ» ምን ይሆናል? ቁጥሩን ሠርቼ አይቼዋለሁ፦ የላቲኗ ኤ፣ አንድ ወደ ኋላ የመመለሻ ኮድና 0 ይሆናል። አለቀ፣ ሰላም የለም።

የሼሎች ባለቤቶች በኋላ ይህችን ቢት ለቀቋት፤ የጥቅሱንም ምልክት ሌላ ቦታ መያዝ ጀመሩ። ታሪኩ ላይ የሚጣፍጠው ግን ይህ ነው፦ በሴፕቴምበር 1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ ከሮብ ፓይክ ጋር ዩቲኤፍ-8ን የነደፈው ያው ኬን ቶምሰን ነው። በሼሉ ውስጥ ለጥቅስ ያዋላትን ስምንተኛ ቢት አሁን የዓለም ፊደላት ሁሉ መግቢያ በር አደረጋት። ግዕዝ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት በሩ ተከፍቶ ጠበቀው።

የቦርን ሕግ

በ1979 የዩኒክስ ሰባተኛ እትም ሲወጣ አዲስ ሼል ይዞ መጣ፤ ጸሐፊው እስቲቭን ቦርን ነው። ዛሬ የምትጠቀሙበት ባሽ (በ1989 የወጣው) የዚህ ሼል ልጅ ነው፤ ሕጎቹንም ወርሷል። ሕጎቹ ሦስት ናቸው፦

ነጠላ ጥቅስ ( ' ) ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እንዳለ ይወሰዳል። ምንም አይተካም።

ድርብ ጥቅስ ( " ) ውስጥ $ እና ጥቂት ምልክቶች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ክፍት ቦታ ግን ቃል አይለይም።

ያለ ጥቅስ የተጻፈ $1 መጀመሪያ በይዘቱ ይተካል፤ ከዚያ የተተካው ጽሑፍ ክፍት ቦታ በተገኘበት ሁሉ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም * ካለበት እንደ ፋይል ስም ይዘረዘራል።

ሦስተኛው ነው መዘዘኛው። ብዙ ሰው «$1 ብዬ የጻፍኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሆኖ ይቀራል» ብሎ ያስባል። አይቀርም። ሼሉ መጀመሪያ ተክቶ ኋላ ይሰነጥቃል። የ2001ዱ አደጋ የዚህ ቅደም ተከተል ውጤት ነው። በተቃራኒው "$1" ብትሉ ይተካል፣ አይሰነጠቅም። የተሰጧችሁን ነገሮች በሙሉ ሳይሰነጠቁ ለሌላ ትዕዛዝ ለማስተላለፍ ደግሞ "$@" አለ።

የሚገርመው ከሼሉ በታች ያለው ሥርዓት ይህ ችግር የለበትም። ሼሉ ቃላቱን ከለየ በኋላ ለፕሮግራሙ የሚያስረክባቸው ለየብቻ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ሳጥን። ክፍት ቦታ ቢኖርበትም ችግር የለም። የጥቅስ ምልክቱም ወደ ፕሮግራሙ አይደርስም፤ ሼሉ ሥራውን ሠርቶ አውልቆ ይጥለዋል። ስለዚህ ጥቅስ የስሙ አካል አይደለም። ለሼሉ ብቻ የምትነግሩት መልእክት ነው፦ «እዚህ ውስጥ ያለውን አትንካ።»

ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበር። እዚያው ቤል ላብስ ውስጥ ቶም ደፍ የጻፈው አርሲ የተባለ ሼል አንድ ጊዜ ያነበበውን ጽሑፍ ዳግመኛ አይሰነጥቅም። በ1990 የመጣው ዚ ሼልም ያለ ጥቅስ የተጻፈን ቦታ ያዥ በራሱ አይሰነጥቅም። ግን በቦርን ሕግ የተጻፉት ስክሪፕቶች ብዛት ወሰን የለውም። ሕጉን ዛሬ ብትቀይሩ መሰንጠቁን ተማምነው የተጻፉት ሁሉ ይሰበራሉ። ስለዚህ የሚያስተማምነው መንገድ ጥቅሱን መጨመር ነው።

ቀይ ቀለም በፊደል ውስጥ

አሁን ወደ ቀለም እንምጣ። የብራና መጻሕፍታችንን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። እዚያ ላይ ቀለሙ ቀለም ነው፤ ጸሐፊው ብርዑን ሌላ ቀንድ ውስጥ ነክሮ ይጽፋል። ኮምፒውተር ግን በአንድ ሽቦ የሚልከው ቁምፊ ብቻ ነው። ቀይን እንዴት ይላክ?

የመጀመሪያው መልስ ሜካኒካል ነበር። አንዳንድ ቴሌታይፖች ላይኛው ግማሹ ጥቁር፣ ታችኛው ቀይ የሆነ ሪባን ነበራቸው። የአስኪ 14ኛና 15ኛ ቁምፊዎች የማይታተሙ ትዕዛዞች ናቸው፤ አንዱ ሪባኑን ወደ ቀይ ያነሳዋል፣ ሌላው ወደ ጥቁር ይመልሰዋል። አያችሁ? ቀለም እንደ ጥቅስ ሆነ፦ መክፈቻ አለው፣ መዝጊያ አለው። መዝጊያውን ከረሳችሁ የቀረው ሁሉ ቀይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ኤስኬፕ ነው፤ የኪቦርዳችሁ ግራ ጥግ ላይ ያለችው ቁልፍ። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ቦብ ቤመር በ1960 ያቀረበው ሐሳብ በአስኪ ውስጥ 27ኛ ቁምፊ ሆኖ ገባ። ትርጉሙ «ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣውን እንደ ወትሮው አታንብበው» ነው። ባክስላሽ ለሼል እንደሚለው ማለት ነው፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። ባክስላሽ ትዕዛዝ የሚመስለውን ጽሑፍ ያደርገዋል። ኤስኬፕ ጽሑፍ የሚመስለውን ትዕዛዝ ያደርገዋል።

በ1970ዎቹ ስክሪን ያላቸው ተርሚናሎች ሲመጡ እያንዳንዱ ኩባንያ ከኤስኬፕ በኋላ የሚመጣውን በራሱ መንገድ ተረጎመው፤ መግባባት ጠፋ። ኤክማ-48 የተባለው ደረጃ በ1976፣ የአሜሪካው ኤክስ3.64 በ1979 ወጡ። በ1978 የተሸጠው የዲጂታል ኢኪውፕመንት ቪቲ100 ተርሚናል ይህን ሥርዓት ስለተከተለና በጣም ስለተወደደ ሌሎች ተከተሉት። ቪቲ100 ራሱ ቀለም አልነበረውም፤ ግን የቀለም ኮድ የሚጓዝበትን መንገድ የጠረገው እሱ ነው። ዛሬም ስልካችሁ ላይ ያለው የተርሚናል አፕ የሚያስመስለው ያንን ማሽን ነው።

ቀይ ለማለት እንዲህ ትልካላችሁ፦ ኤስኬፕ፣ ከዚያ [፣ ከዚያ 31፣ ከዚያ ኤም የምትባለው የላቲን ፊደል። ወደ ነበረበት ለመመለስ 31 የነበረው 0 ይሆናል። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተሰጡ አይደሉም። ከ30 በላይ ያለውን ብቻ ውሰዱ፦ ቀይ 1፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 4። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲቀላቀሉ ቢጫ ይሆናሉ፤ 1 እና 2 ሲደመሩ 3፣ ስለዚህ ቢጫ 33 ነው። ቀይና ሰማያዊ 5 ይሆናሉ፤ 35 ሐምራዊ። አረንጓዴና ሰማያዊ 36። ሁሉም ሲበሩ 7፣ 37 ነጭ። ምንም ሳይበራ 30፣ ጥቁር። ሦስት መብራት፣ ስምንት ቀለም። በቃ።

ሦስት አንባቢዎች

ስክሪፕት ውስጥ «ስህተት» የሚለውን ቃል በቀይ ለማሳየት ስትሞክሩ ጥቅስና ቀለም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ኤስኬፕን በስክሪፕት ውስጥ ብዙ ጊዜ \033 ብለን እንጽፈዋለን፤ 27 በስምንት አቆጣጠር 33 ነው። ይህችን መስመር ሦስት አንባቢዎች በተራ ያነቧታል።

መጀመሪያ ሼሉ ያነባል። ጥቅስ ካላደረጋችሁ ባክስላሿን ይበላትና 033 የሚል ተራ ቁጥር ይቀራል። ቀጥሎ የሚያትመው ትዕዛዝ ያነባል። ትዕዛዙ ኤኮ ከሆነ ዕድላችሁ በአገሩ ይወሰናል፦ ከሲስተም ፋይቭ የመጣው ኤኮ ባክስላሽን ይተረጉማል፣ ከበርክሊ ዩኒክስ የመጣው እንዳለ ያትማታል። ያው ስክሪፕት አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቀይ ያወጣል፣ ሌላው ላይ ባክስላሽና ቁጥር ይተፋል። በ1992 ፖዚክስ የተባለው ደረጃ ፕሪንትኤፍ የተባለውን ትዕዛዝ ያስገባው ከዚህ ውዝግብ ለመገላገል ነው። መጨረሻ ላይ ተርሚናሉ ያነባል፤ እውነተኛውን 27 ካገኘ ቀለም ይቀይራል።

አራተኛም አንባቢ አለ፤ የሚረሳው እሱ ነው። ውጤቱን ተርሚናል ሳይሆን ፋይል ወይም ሌላ ፕሮግራም ቢቀበለውስ? ፋይል ቀለም አያውቅም። የቀለሙ ኮድ እንደ ጽሑፍ እዚያው ተጋግሮ ይቀራል። ነገ ያንን ፋይል «ስህተት የሚል ቃል የሚጀምርበትን መስመር ፈልግ» ብትሉት አያገኝም፤ መስመሩ የሚጀምረው በኤስኬፕ ነዋ! ለዚህ ነው ጨዋ ፕሮግራሞች ቀለም ከማውጣታቸው በፊት «የሚያነበኝ ተርሚናል ነው ወይ?» ብለው ሥርዓቱን የሚጠይቁት። ጥያቄው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጊዜም ነበረ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው «ቀለም አልፈልግም» ብሎ ለፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ጊዜ የሚናገርበት ኖ_ከለር የተባለ ልማድ አለ።

ኤልኤስ ጥቅስ የጀመረ ቀን

በጃንዋሪ 2016 የወጣው የጂኤንዩ ኮርዩቲልስ 8.25 እትም አንድ ለውጥ አመጣ። ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስ፣ ስማቸው ክፍት ቦታ ያለባቸውን ፋይሎች በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ማሳየት ጀመረ። ብዙ ሰው ተቆጣ። «ፋይሌ ስም ላይ ጥቅስ ማን ጨመረ?» ያሉ ነበሩ።

ለውጡን ያመጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። ሰው ከዝርዝሩ ላይ ስም ቀድቶ ትዕዛዝ ውስጥ ይለጥፋል፤ ጥቅሱ ካለ ስሙ አይሰነጠቅም። ደግሞም የፋይል ስም ከ / እና ከ0ኛው ቁምፊ በስተቀር ማንኛውንም ነገር መያዝ ይችላል፦ አዲስ መስመርም፣ ኤስኬፕም። ጥቅስ ከሌለ አንድ ፋይል ይሁን ሁለት መለየት አትችሉም። ሲያዩት ግን ጥቅሱ የሚጨመረው አንባቢው ተርሚናል ሲሆን ብቻ ነው፤ ለሌላ ፕሮግራም ሲሰጥ ስሙ ባዶውን ይሄዳል። ያው «ማን ነው የሚያነበኝ?» የሚለው ጥያቄ ተመለሰ።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2003 ኤች ዲ ሙር የተባለ የደህንነት ባለሙያ አንዳንድ ተርሚናሎችን መረመረ። ተርሚናሎቹ በኤስኬፕ ሁለት ነገር ይታዘዙ ነበር፦ የመስኮቱን ርዕስ ቀይር፣ እና ርዕሱን መልሰህ ንገረኝ። መልሱን የሚሰጡት ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ እንደጻፈው አድርገው ነው። እንግዲህ አንድ ክፉ ሰው ርዕሱን አደገኛ ትዕዛዝ አድርጎ ኮዱን አንድ ፋይል ውስጥ ቢደብቅ፣ እናንተ ፋይሉን ለማንበብ ብቻ ስትከፍቱት ትዕዛዙ መስመራችሁ ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ሳታስተውሉ ኤንተር ከመታችሁ አለቀ። ጽሑፍ ቀለም ሆነ፣ ቀለም ትዕዛዝ ሆነ። ከ2600 ኸርዙ ፉጨት ጋር አንድ ነው።

እስቲ ሞክሩት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ልማድ አጭር ነው። ስክሪፕት ስትጽፉ $1ን ሁልጊዜ "$1" በሉት፤ ክፍት ቦታ ባይኖርበትም። ቀለም ስታወጡ ፕሪንትኤፍን ተጠቀሙ፣ የከፈታችሁትን ቀለም ዝጉ፣ አንባቢው ተርሚናል መሆኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከማታውቁት ቦታ የመጣ ስም ወይም ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ውስጡ ትዕዛዝ ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

አዲስ ባዶ ፎልደር ክፈቱና ግቡበት። ባዶ ፋይል የሚፈጥረው ትዕዛዝ ቶች ይባላል። መጀመሪያ ቶች ብላችሁ 'የኔ ፎቶ' ብላችሁ በጥቅስ ስጡት። ቀጥሎ ያንኑ ያለ ጥቅስ ስጡት። ከዚያ በኤልኤስ ቁጠሩ፤ ሦስት ፋይል ታገኛላችሁ፦ አንዱ «የኔ ፎቶ»፣ አንዱ «የኔ»፣ አንዱ «ፎቶ»።

አሁን አንድ ተጨማሪ። በክፍት ቦታው ምትክ የጥንቱን ሁለት ነጥባችንን አድርጉና የኔ፡ፎቶ ብላችሁ ያለ ጥቅስ ስጡት። አራተኛ ፋይል ይፈጠራል፤ አይሰነጠቅም። ለአባቶቻችን ቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነበር፤ ለሼሉ ግን እንደ ማንኛውም ፊደል ነው፣ በመለያዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። ዝርዝሩ የተጻፈው ክፍት ቦታን ለሚጠቀም አንድ ቋንቋና ለአንድ ማሽን ነበር፤ እኛም እስከ ዛሬ በእሱ እንተዳደራለን።